ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰይፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ሌላው ልጅ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ከፊት መብራቱ አይቶ ስሙን እንደሚጠራ ሁሉ፣ እኔ የአረብ ሰይፍ ከእጀታው አይቼ አገሩን እጠራ ነበር። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት፤ ግን እውነት ነው። የነጅዱን ከኦማኑ፣ የሻሙን ከየመኑ ስለይ አንድም ሰይፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። የተማርኩትም ትምህርት ቤት አይደለም። እኔና ትምህርት ቤት በጊዜ ተሰነባብተናል፤ ቂም የለንም፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ይሄን ያስተማሩኝ ከእኛ ቤት ሥር፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ አባባ ኑሩ ናቸው፤ ያስተማሩኝም ተረት እያወሩ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ከኋላው ሣርና ፓርኪንግ ያለው አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እናቴ ሉባባ ሻኮፒ መጋዘን የማታ ሺፍት ትሠራለች። አባቴ ከባድ መኪና እየነዳ ከስቴት ስቴት ይዞራል፤ ቤት ሲመጣም እንደ እንግዳ ሻንጣውን በር ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ቤቲ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደወረድን ቀጥ ብለን አባባ ኑሩ ዘንድ እንገባለን፤ ወላጆቻችን ከሥራ እስኪመለሱም ምሽቱ የእሳቸው ነው።

አባባ ኑሩ የባቲ ሰው ናቸው። ጎረምሳ ሳሉ ባሕር ተሻግረው ጅዳ ገብተው፣ ከየመን፣ ከሃድረሞት ለመጣ አንድ ብር አንጥረኛ ተቀጥረው ነበር። ሥራቸው ያረጀ የሰይፍ እጀታ መንቀልና አዲስ ማልበስ ነው። ከዚያ ስንት አገር አልፈው እዚህ ደረሱ፤ ፎርት ስኔሊንግ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጉልበታቸው እምቢ ሲል ቤት ዋሉ። እኔ ሳውቃቸው ሥራቸው ሁለት ብቻ ነበር፦ ሻይ መጠጣትና እኛን ዝም ማሰኘት።

ዝም የሚያሰኙንም በመብራት ነበር። ክረምት ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል፤ በረዶው መስኮቱን ታክኮ ይቆለላል፤ አባባ ኑሩ ያኔ የጣራውን መብራት ያጠፉና ከሶፋው አጠገብ ያለችውን ብርቱካንማ ቆብ የደፋች መብራት ብቻ ይተዋሉ። «የጣራ መብራት ለሐኪም ነው፤ ለወሬ አይሆንም» ይሉ ነበር። ብርሃኑ ጉልበታቸው ላይና እጃቸው ላይ ብቻ ያርፋል፤ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ድምፃቸው ከዚያ ጥላ ውስጥ ሲወጣ የራዲያተሩ ፉጨት ራሱ የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሰይፎቹን ይጠሯቸዋል። ሰይፍ ግን የላቸውም። ያላቸው የቤት ዕቃ ነው።

የመጋረጃ ዘንግ ያነሱና፣ «ይሄ የኦማን ሰው ነው» ይላሉ። «ቀጥ ያለ ነው። እጀታው ረጅም፣ የጣት መከለያ የሚባል የለውም። ሲጨፍር ስለቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ሲመለስ በእጀታው ይቀልበዋል። መከለያ ቢኖረው እንዴት አድርጎ ይቀልባል?» ይወረውሩትና ሳይቀልቡት ሶፋው ጀርባ ይወድቃል። ቤቲ በሳቅ ትሞታለች።

ቀጥሎ ጫማ ሲያደርጉ ተረከዛቸውን የሚያስገቡበት ጎበጥ ያለ ረጅም የብረት ማንኪያ ይመጣል። «ይሄ ነጅድ ነው፤ ፈረሰኛ። አጠር፣ ቀለል፣ ጎበጥ። ከእጀታው ራስ እስከ መከለያው ሰንሰለት አለው።» የቁልፋቸውን ሰንሰለት ያንጠለጥሉበታል። ከዚያ ዣንጥላ፦ «የሻም በረሃ ሰው እጀታው ቀንድ ነው፤ ጫፉ ላይ እንዲህ ይታጠፋል። ትንሿ ጣትህ እዚያች እጥፋት ላይ ታርፋለች፤ ቢያልብህም አያመልጥህም።»

የመጨረሻው የምወደው ነበር። የእንጨት ማማሰያ ያመጡና እጀታውን በፎይል ይጠቀልሉታል፤ ጫፉን ወደ ታች እንደ ወፍ ራስ ያጎብጡታል፤ ከዚያ በሹካ ጥርስ ቀስ እያሉ ነጥብ በነጥብ ያደርጉታል። ያቺ ትንሽ መብራት ፎይሉ ላይ ስትወድቅ ጣራው ሁሉ በብርሃን ፍርፋሪ ይሞላ ነበር። «ይሄ ሃድረሞት ነው» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክ ሰው እንደሚያስተዋውቁ። «የጌታዬ፣ የአንጥረኛው አገር። እንጨት ራቁቱን እንዲወጣ አይወዱም፤ ብር ያለብሱታል።»

አንድ ቀን ቤቲ፣ «ዌይት፣ አባባ ኑሩ! ሰይፉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይሻልም? ሜድ ኢን ምናምን ይላል እኮ» አለቻቸው።

«ስለቱን ነው የምትይኝ?» አሉ። «ስለት ነጋዴ የሚያዞረው ዕቃ ነው። አንዱ ፈረንጅ አገር ይሠራል፣ ሌላው ፋርስ፣ ሌላው ህንድ። በጌታዬ ሱቅ የስንቱን ንጉሥ ስም የያዘ ስለት ነቅዬ ተክያለሁ! እኔ ኤርፖርት ስሠራ ሻንጣ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አይቻለሁ፤ ሻንጣው የት እንዳረፈ ይነግርሻል፣ የባለቤቱን እናት ቤት ግን አይነግርሽም። እጀታው ነው ባለአገር። እጀታውን የሚያሠራው የሚይዘው ሰው ነው።»

እኔ ያኔ ወደ ጣራው አየሁ። ፎቅ ላይ፣ እናቴ አልጋ ሥር፣ በጋቢ የተጠቀለለ አንድ ሰይፍ ነበረና።

የሰይፉ ነገር እንዲህ ነው። የእናቴ አባት አረብ ነበር፤ ደሴ ላይ ሱቅ ነበረው፣ ሰፈሩ «አረብ ቤት» የሚለው ዓይነት፣ ከስኳር እስከ መርፌ የሚሸጥ። እናቴ ገና ጡት ሳትጥል፣ እሱ የታመመች እናቱን ሊያይ ወደ አገሩ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አያቴ ቆይታ ይማም የሚባል ልብስ ሰፊ አገባች፤ ከእሱ አጎቴ ታጁ ተወለደ። አባባ ይማም እናቴን ከልጁ ሳይለይ አሳደጋት። አያቴ ስትሞት እናቴ ለለቅሶ ሄዳ፣ በሳጥኗ ውስጥ ከሥር ይሄን ሰይፍ አገኘች፤ የማን እንደሆነ ግን አያቴ ለማንም ሳትናገር ነው ያለፈችው። እናቴ «የአባቴ ነው» ብላ ሻንጣዋ ውስጥ አድርጋ አመጣችው። «የአባትሽ አገር የት ነው?» ስላት «አረብ አገር» ትለኛለች። ይሄንን ለአባባ ኑሩ ስነግራቸው ሳቁ፤ «ፈረንጅ አገር የሚባል ቀበሌ አለ እንዴ?» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ችግሩ የመጣው በረዶው ቀልጦ፣ አጎቴ ታጁ ቤት ሲገዛ ነው። ታጁ ሴንት ፖል የሚኖር፣ ሳቁ ከመኪናው ድምፅ በፊት የሚደርስ ሰው ነበር። ልጅ ወልዶ፣ ቤት ገዝቶ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የአባት ዕቃ ፈለገ። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥቶ ሰይፉን ከጋቢው አውጥቶ መዘዘውና ስለቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። አክሊል የደፋ አንበሳ አለበት፤ ከሥሩ የአማርኛ ፊደል አለ።

«እትዬ ሉባባ፣ ይሄ እኮ ጎራዴ ነው!» አለ። «አንበሳ! አማርኛ! የትኛው አረብ ነው አማርኛ ታጥቆ የሚዞር? የአባቴ ነው። እማማ ለእኔ ነው ያስቀመጠችው።»

እናቴ ምን ትበል? ፊደሉን ታነባለች። እሷም ብትሆን ለዓመታት ያንን አንበሳ እያየች ስትጠራጠር ኖራለች። እሺ አለች። እሑድ ከኋላ ሣሩ ላይ ሥጋ ጠብሰን፣ እሱም ሰይፉን ይዞ ሊሄድ ተቀጠረ።

በዚያው ምሽት እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ አባባ ኑሩ በር ላይ ቆመች። የሥራ ባጇ አንገቷ ላይ ነበር። «ጋሽ ኑሩ፣ እርስዎ ያውቁበታል ይላሉ ልጆቹ። አንዴ ቢያዩልኝ?»

አባባ ኑሩ ለረጅም ጊዜ የሻይ ብርጭቋቸውን አዞሩ። «ሉባባ ልጄ፣ በእህትና በወንድም መሃል ሰይፍ አልመዝም። የእሱ ነው ብል አንቺን ከአባትሽ አፋታሁ፤ ያንቺ ነው ብል እሱን አዋረድኩ። እኔ ሁለታችሁንም እፈልጋችኋለሁ። ይቅርብኝ።»

እናቴ «እውነትዎን ነው» ብላ ሄደች። እኔ ግን ተናደድኩ። በአሥር ዓመት ልጅ ቁጣ ማለት ነው፤ ሻይ አልጠጣም አልኩ፣ ጫማዬን አላወልቅም አልኩ። አባባ ኑሩ አላባበሉኝም። የጣራውን መብራት አጠፉ፤ የትንሿን መብራት ቆብ አስተካከሉ፤ ከዚያ በፊት ነግረውን የማያውቁትን ተረት ጀመሩ። ተረቱ የዚያን ሳምንት ምሽቶች በሙሉ ወሰደ።

በተረቱ ውስጥ ከተራራ ሥር፣ ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ፣ አንድ የእንግዳ ማደሪያ ነበረ። የቤቱ ደንብ ማንም ሰይፉን ይዞ እንዳይገባ ነው፤ ስለዚህ የባለቤቱ ልጅ፣ ብልህ የሆነች ልጅ፣ በር ላይ ቆማ ከእንግዶቹ እየተቀበለች ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። የኦማኑ ሰይፉን ከትከሻው ሲያወርድ፣ የነጅዱ ሰንሰለቱን ሲፈታ፣ የሻሙ ሲያቀብላት፣ ሁሉንም ከእጃቸው ተቀብላ ታውቃቸዋለች። አንድ ቀን ምሽት ትኩሳት የያዘው እንግዳ መጣ፤ ሰይፉን ሰጣት፤ ስሙንም አገሩንም ሳይናገር በበነጋው ሞተ። ቀበሩት። ሰይፉ ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። «ሰይፉ አማና ነው፣ የአደራ ዕቃ» አለ የማደሪያው ጌታ፣ «የሟች እናት ቤት መድረስ አለበት።» መዘዘው። አክሊል የደፋ አንበሳና የሐበሻ ፊደል አየ። አላመነታም፤ ከነጋዴ ቅፍለት ጋር በጀልባ አሻግሮ ወደ ሐበሻ ላከው።

እዚህ ጋ እኔና ቤቲ ተያየን። አባባ ኑሩ እንዳላዩ ሻያቸውን ጠጡ።

ሰይፉ በሐበሻ ከተማ ለከተማ ዞረ። ሰው ሁሉ አንበሳውን አውቆ ያደንቃል፤ የሚያለቅስ ግን የለም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እጀታውን ዳሰሱና፣ «ስለቱን አውቀዋለሁ፤ የእኛ ቤተ መንግሥት ከፈረንጅ ያስመጣው ዓይነት ነው። ይሄን የያዘውን እጅ ግን አላውቀውም» ብለው መለሱት። ተመልሶ ማደሪያው ደረሰ። ያኔ ልጅቷ፣ «አባዬ፣ አንተ ያነበብከው የነጋዴውን ወሬ ነው» አለችው። ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰችና አፎቱን አገላበጠችው። በአንዱ ፊት ብር ተለብጧል። በሌላው ፊት ባዶ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ላይ ግን አንድ ቦታ ብቻ፣ የመዳፍ ስፋት የምታህል ቦታ፣ ተፈግፍጋ ተወልውላ ታበራለች። የሰው ገላ ያሸው ቦታ ነው። ልጅቷ ሰይፉን በግራ ወገቧ አድርጋ አየችው፤ ያቺ ቦታ ዳሌዋ ላይ ልክ ገጠመች፤ ብሩ ወደ ውጭ ዞረ። እንደዚያ እንደታጠቀች መንገድ ዳር ወጥታ ቆመች። ብዙ ሰው አለፈ። ከደቡቡ መንገድ የመጣች አንዲት ሴት ከግመሏ ወርዳ፣ ስለቱን ሳታይ፣ አንበሳውን ሳታይ፣ ሰይፉ የተንጠለጠለበትን ሁኔታ ብቻ አይታ ጮኸች። «ልጄ!» አለች።

ወደ መብራቷ ተጠጋሁ። ከዚያ እኔ ጠየቅኩ፦ «አባባ ኑሩ፣ እኛ አገርስ የሚታጠቁት በየት በኩል ነው?»

«እኔ የማውቀው ጅዳ የሠራሁበትን ነው» አሉ። «የሰውን አባት ልማድ ልጁን ጠይቅ።»

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ሰይፉን ፎጣ ላይ አስተኝታ ስትወለውል አገኘኋት። ለወንድሟ ንጹሕ አድርጋ ልትሰጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየሁት። እጀታው ከራስ እስከ እግር ብር ለብሷል፤ ጫፉ እንደ ወፍ ራስ ወደ ታች ደፍቷል፤ ነጥብ በነጥብ ነው። የአባባ ኑሩ ማማሰያ! አፎቱን ገለበጥኩት። በአንድ በኩል ብር፤ በሌላ በኩል ጥቁር ቆዳ፤ እዚያም ላይ ያቺ የምታበራ ቦታ።

«እማ፣ ለምን ትሰጪዋለሽ?»

«ከወንድሜ አይበልጥም።»

«የአባትሽ ቢሆንስ?»

ጨርቁን አቆመች። «ሙኒር፣ የአባቴን ፊት አላውቀውም። ፎቶ የለኝም። ድምፁን አልሰማሁም። ይሄ የእሱ መሆኑን ባውቅ ለንጉሥም አልሰጥ። ግን አላውቅም። ሳላውቅ ደግሞ የሰው አባት አልቀማም።» ከዚያ መወልወሏን ቀጠለች። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ብሳሳት እናቴን ከወንድሟ ነው የማጣላው፤ ዝም ብል ደግሞ ያለቻት አንዲት ነገር ልትሄድ ነው።

እሑድ አመሻሹ ላይ ከሰሉ ነደደ። ያኔ ሁሉ ጎረቤት በጋራ የሚጠቀምባት አንዲት የዛገች ግሪል ነበረች፤ ጭሱ ወደ ፓርኪንጉ ይሄዳል፣ ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ይጮኻል፣ ፀሐይዋ ከመኪናዎቹ ጣራ ላይ አልጠልቅ ብላ ትንጠለጠላለች። አባባ ኑሩ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ሰይፉን በጋቢው ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ታጁ የሥጋ መገልበጫውን ከእናቴ ቀምቶ እሳቱን ተቆጣጥሯል።

«እትዬ ሉባባ፣ ምስማሩን መትቼ ነው የመጣሁት! ግድግዳው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው።»

እኔ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። የልብ ልብ ያለው ልጅ ነበርኩ። «አጎቴ፣ አባባ ይማም ሲታጠቁ በየት በኩል ነበር?»

ታጁ ደስ አለው። ስለ አባቱ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ሁሌም ደስ ይለዋል። «በቀኝ ነዋ! ምን ይጠየቃል? ግራ እጅህ ጋሻ ይዟል፤ ጎራዴ ግራህ ላይ ከሆነ ከጋሻው ጋር አይጣላም? አባቴ ሰርግ ላይ ሲያቅራራ ከዘራውን በቀኝ ወገቡ ይሸጉጣታል፤ ‹አባቶቼ እንዲህ ነበር የሚታጠቁት› ይላል፤ ከዚያ እንዲህ!» መገልበጫውን ከቀኝ ወገቡ ላይ መዥርጦ አወጣው። የሥጋ ቅባት ሸሚዙን ረጨው።

«ጎራዴ እያለው ለምን በከዘራ?» አለች ቤቲ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ጎራዴ ሰርግ አይወጣም!»

«በቀኝ መሆኑ እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«ወላሂ በቀኝ!»

ጋቢውን ፈታሁ። «እስቲ ታጠቀው።»

ታጁ እየሳቀ ተቀበለኝ፤ እጀታውን ወደ ፊት፣ ስለቱን ወደ ታች አድርጎ ቀኝ ወገቡ ላይ አስደገፈው። ብሩ በሙሉ ወደ ሱሪው ዞረ። ወደ እኛ የዞረው ባዶው ጥቁር ቆዳ ነው።

«ወይ ታጁ» አለች እናቴ፣ ገና ነገሩ ሳይገባት፣ «ጌጡን ለሱሪህ ነው የምታሳየው?»

ገለበጠው። አሁን ብሩ ወጣ፣ ግን አፎቱ የሚንጠለጠልባቸው የጠፍሩ ቀለበቶች ከሥር ሆኑ፤ ሰይፉ ጀርባውን ደፍቶ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ተንጠለጠለ። እንደገና አዞረው። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ያኔ ራሱ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ወገቡ አሻገረው። ቀለበቶቹ ከላይ ሆኑ። ብሩ ወደ ውጭ ወጣና የፍሙን ቅላት ተቀበለ። ቆዳው ዳሌው ላይ ዝም ብሎ ተኛ።

ሥጋው ማረር ጀመረ።

«ይሄ ልጅ» አለ ታጁ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ «ወይ ጠበቃ ይሆናል ወይ ወሮበላ።» ሁለቱንም አልሆንኩም፤ ግን ቅርብ ነበር። ከዚያ ሰይፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያ ትልቅ ሰውዬ አንድ ጊዜ አነስ አለብኝ። «እንግዲህ አባቴ ጎራዴ አልነበረውም ማለት ነው» አለ። «ለልጄ ምን ልነግረው ነው?»

ያኔ ነው አባባ ኑሩ የተናገሩት። «ታጁ፣ አባትህ ቤት ውስጥ ይሄ ሰይፍ ስንት ዘመን ተቀመጠ?»

«እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይሆናላ።»

«የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር?»

«በሚስቱ ሳጥን ውስጥ ያለውን እንዴት አያውቅም?»

«አወቀ። የሌላ ሰው ሰይፍ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረ ሰው። ብር የለበሰ። አልሸጠውም፤ አውጥቶ አልጣለውም፤ ‹ይሄ ከቤቴ ይውጣ› አላለም። ለዚያች ሕፃን ጠበቀላት። አማና ይሉሃል ይሄ ነው። አንተ ምስማርህ ላይ ሰይፍ መስቀል ትችላለህ፣ ማንም ይሰቅላል። ለልጅህ ይሄን ንገረው።»

ታጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ ፍሙን በመገልበጫው ቆሰቆሰው። ብልጭታው ወደ ላይ ወጣ። «አዎ» አለ ቆይቶ። «አዎ፣ እሱ ነው አባቴ።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገና፣ «ይሄ ጭስ!» አለ፤ ጭሱ ግን ወደ ፓርኪንጉ ነበር የሚሄደው።

እናቴ ተነሥታ አባባ ኑሩ እግር አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሰይፉን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። «አሁንስ ይዩልኛል?»

ወሰዱት። እጀታውን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ከራሱ እስከ ሥሩ ዳሰሱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ስለቱ የነጋዴ ነው፤ ከደሴ ወይ ከምጽዋ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ተይው። ይሄ ብር ግን የጌታዬ አገር እጅ ነው። ሃድረሞት። ሰውየው ከዚያ ተወለደ ብዬ አልምልም። እጀታውን ያሠራው ግን እዚያ ነው፤ ሰው ደግሞ እጀታ የሚያሠራው በሚያምነው አንጥረኛ ነው።»

«ሃድረሞት» አለች እናቴ። ቃሉን እንደ ትኩስ ምግብ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያ ተነሣችና ሰይፉን በግራ ወገቧ ላይ አድርጋ፣ መዳፏን ከአፎቱና ከዳሌዋ መሃል አስገባች። ያቺን የተወለወለች ቦታ እየዳሰሰች እንደሆነ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆመች። ሥጋው አርሯል፤ ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ቤቲ ብቻ ናት «ጋይስ፣ ራት?» ያለችው።

አባባ ኑሩ ካረፉ ቆይተዋል። ያቺ ብርቱካንማ ቆብ ያላት መብራት እኔ ዘንድ ናት። እኔ አሁን ከኤርፖርት ሰው እያመላለስኩ ነው የምኖረው፤ ከዚያ በፊት ሻኮፒም ሞክሬያለሁ፣ አንድ ቦታ መቆም አልሆነልኝም እንጂ። ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ ስሜን ከስልኩ ላይ ያነብና «ከየት ነህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ እሱን አልጠይቅም። ሻንጣውን እንዴት እንደሚይዝ፣ በሩን በየትኛው እጁ እንደሚከፍት፣ እናቱ ስትደውል ድምፁን እንዴት እንደሚቀይር አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ልክ ነኝ። ስሳሳትም ስለቱን አንብቤ ስለሆነ ነው።

ታጁ ሳሎን ውስጥ ያ ምስማር ዛሬም አለ። የአባባ ይማም የልብስ ስፌት መቀስ ተሰቅሎበታል፤ ከደሴ አስመጣው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ይናገራል፣ በየጊዜውም ይረዝማል።

የእናቴ ሰይፍ ደግሞ በእሷ ሳሎን ነው። የሚያየው ሰው ሁሉ የተሳሳተች መስሎት ሊያርማት ይነሣል፤ ብሩን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ባዶውን ቆዳ ወደ ሰው ስለሰቀለችው። «ሉባባ፣ ተገልብጧል እኮ፤ ጌጡ በዚያ በኩል ነው» ይሏታል።

«አውቃለሁ» ትላለች፤ ስታልፍ ደግሞ በመዳፏ ትነካዋለች። ያቺ ቦታ ከያኔው ይበልጥ ታበራለች።